ጎልማሳ ተማሪ የት ላይ ይጠፋል? የመካሪ ሥራ በሰሜን ሸዋ

መስከረም ላይ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ የማታ ክፍል ገብቶ የተመዘገበው ተማሪ ሁሉ ጥር ላይ በቦታው አይገኝም። በማታ ትምህርት የሠራ መምህር ሁሉ ይህን ያውቃል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፦ «ትምህርቱ ከበዳቸው።» ግማሽ እውነት አለው፤ ዋናው ነገር ግን በቀረው ግማሽ ውስጥ ነው። አልጀብራ አቅቶት የሚያቋርጥ ጎልማሳ ጥቂት ነው። ብዙው የሚቀረው ሁለት ሳምንት ሳይመጣ ቆይቶ እንዴት እንደሚመለስ ሲጨንቀው፣ የ8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አልገጥም ሲል፣ የመጀመሪያ ፈተናው ውጤት በልጁ እኩዮች ፊት ሲያሳፍረው ነው። እነዚህ ቦታዎች ከወዲሁ የታወቁ ናቸው። መካሪ፣ ብዙዎች ሜንተር የሚሉት ሰው፣ የሚያስፈልገው እዚያ ቀድሞ ደርሶ እንዲጠብቅ ነው።

ጉዳዩ በሰሜን ሸዋ ዛሬ የሚነሳበት የራሱ ምክንያት አለው። አካባቢው ባለፉት ዓመታት ትምህርት ደጋግሞ የተቆራረጠበት ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና ዙሪያዋ በግጭት ተጎዱ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ወጡ። በ2014 ዓ.ም. ከ9ኛ ክፍል የወጣ የ17 ዓመት ልጅ ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ነው፤ ቀን ሥራ ይውላል፣ ምናልባት ትዳር ይዟል። ስለዚህ ጎልማሳ ተማሪ ስንል በልጅነቱ ዕድል ያጣውን የ50 ዓመት አባወራ ብቻ ማሰብ አይበቃም። ለትምህርት ደርሶ ትምህርቱ የራቀው ወጣትም እዚያው ነው፣ ችግሩም ተመሳሳይ ነው።

አገሪቱ ጎልማሳን የማስተማር ልምድ አላት። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ የዩኔስኮ ሽልማትም አግኝቷል። ሆኖም ፊደል ከቆጠሩት ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ማንበቡ ጠፋባቸው፤ በገጠር የሚነበብ ነገር አልነበረም፣ ከምስክር ወረቀቱ በኋላ «ያን ነገር እስቲ አንብብልኝ» ብሎ የሚጠይቅ ሰውም አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. ስልቱ የወጣለት ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 60 ለሆነ ሰዎች የሁለት ዓመት ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ ንባብን ከእርሻ፣ ከጤና፣ ከገቢ ጋር ማያያዙ ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። የደከመው በአፈጻጸም ነው። ስም መዝግቦ ቁጥር ማሟላት ሲቀድም፣ አንድ ሰው ለምን እንደቀረ ሄዶ የሚጠይቅ ይጠፋል። የሁለቱም ልምድ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ጎልማሳን ክፍል ማስገባት ይቻላል፣ የሚከብደው ማቆየቱ ነው።

መካሪ በማቆየት ረገድ ምን ያህል ይጠቅማል? በዚህ ላይ ጠንካራ ከሚባሉት ጥናቶች አንዱ የስታንፎርዶቹ ኤሪክ ቤቲንገርና ራሼል ቤከር ያሳተሙት ነው። በአሜሪካ ከ13 ሺህ በላይ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ብዙዎቹ ሥራና ቤተሰብ ያላቸው፣ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ለአንደኛው ወገን በስልክ እየደወለ ስለ ጊዜ አያያዝ፣ ስለ ግብና ስለ ቤት ችግር የሚያወያይ ሰው ተመደበለት። የተመከሩት ካልተመከሩት ይልቅ በትምህርቱ የመቆየታቸው ዕድል በ5 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ከፍ አለ፣ ልዩነቱም ምክሩ ካቆመ በኋላ ቆየ። ትልቅ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን ደውሎ በማወያየት ብቻ ለተሠራ ሥራ ቀላል ውጤት አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ ኮሌጆች ኤሳፕ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በሦስት ዓመት የሚመረቁትን ከ22 በመቶ ወደ 40 በመቶ አድርሷል። እዚያ ግን የአማካሪው ክትትል ብቻውን አልነበረም፤ የትራንስፖርት ካርድ፣ የመጽሐፍና የክፍያ ድጋፍም አብሮ ነበር። ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ መካሪ የባጃጅ ዋጋና ደብተር ላጣ ተማሪ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ጉድለቱን ቀድሞ አይቶ ለሚመለከተው ያደርሳል እንጂ ራሱ አይሞላውም።

መካሪ ማን ይሁን?

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የተማረ የተባለው ሰው ነው፤ የወረዳ ባለሙያ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ወይም ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር። በእኛ አስተያየት ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ ይስታል። 9ኛ ክፍልን በ32 ዓመቷ ለጀመረች የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ምርጡ መካሪ ያንኑ ክፍል ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት በማታ የጨረሰች የሥራ ባልደረባዋ ናት። የትኛው መምህር ቀሪን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ፈተናው ከየት ከየት እንደሚወጣ፣ አለቃን ሺፍት እንዲቀይር እንዴት አድርገው እንደሚለምኑ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቻሉን በአካል ታሳያለች። የዩኒቨርሲቲው መምህር እውቀቱ ይጠቅማል፤ የእርሱ ቦታ ግን መካሪዎችን ማሠልጠንና የከበደ ጥያቄ ሲመጣ መፍታት ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ውስጥ አለ፤ የመምህራን ኮሌጁም አለ። ሁለቱም ተማሪዎቻቸውን ለማኅበረሰብ አገልግሎት ሲያሰማሩ ይህን ሥራ ቢያስቡበት ከአንድ ቀን የጽዳት ዘመቻ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል።

አሠራሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ተማሪ በየተራ ራሳቸው አያስጠኑም፤ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ለታናሹ ፊደል ያስቆጥራል፣ ዳዊት ያስደግማል። ታላቁ ታናሹን ሲያስጠና ራሱም ያጸናል።

ዕድሜ የሚገለበጥበት ጊዜ ይመጣል። መካሪው የ24 ዓመት ወጣት፣ ተማሪው የ47 ዓመት ሰው ሊሆን ይችላል። በመንዝም ሆነ በአንኮበር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሚሠራው መንገድ የዕድሜን ክብር እንዳለ መተው ነው፦ ወጣቱ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ብሎ በ«እርስዎ» ይናገራል፣ ተማሪው በስሙ ይጠራዋል ወይም «ልጄ» ይለዋል። ወጣቱ እንደ አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ አይዝም። ደብተሩንም ከተማሪው እጅ አይወስድም፤ እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጦ ያያል። እንዲህ ሲሆን ጋሼ ስህተታቸውን ራሳቸው ያርማሉ፣ ክብራቸውም አይነካም።

አንድ መካሪ ከ3 እስከ 5 ተማሪ ይያዝ። ከዚያ በላይ ሲሆን ስም መጥራት ብቻ ይሆናል። ለእያንዳንዱ በሳምንት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በአካል፣ በመሐል ደግሞ አንድ አጭር ስልክ ይበቃል። አራት ተማሪ የያዘ መካሪ በሳምንት ሦስት ሰዓት ገደማ ይሰጣል ማለት ነው፤ ሥራ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ሊችለው የሚገባ መጠን ነው። በመጀመሪያው ወር በየቀኑ እየደወለ በሁለተኛው ወር የሚጠፋ መካሪ ጨርሶ ካለመኖሩ ይከፋል፤ ተማሪው «እሱም ተስፋ ቆረጠብኝ» ብሎ ነው የሚወስደው።

የመገናኛ ቀን ሲመረጥ የገጠሩን ኑሮ መከተል ይረዳል። ገበሬው በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ እርሻ አይነካም። ከቅዳሴ መልስ እነዚህ ቀናት ነጻ ናቸው፣ ሰውም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተሰብስቦ ይገኛል። ከተማ ሲሆን ደግሞ የተማሪው የእረፍት ቀን እንጂ የመካሪው ምቾት አይወስንም።

የመጀመሪያው ቀን

የመጀመሪያው ግንኙነት አንድ ወረቀት ይበቃዋል። የት ክፍል እንዳቋረጠና ለምን፣ አሁን ለምን እንደተመለሰ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ፣ እና ድንገት ቢጠፋ የሚደወልለት የአንድ ሰው ስልክ ይጻፍበታል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ በኋላ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚፈለገው እሱ ነው። ተማሪው ስልኩን ዘግቶ ሲሰወር እህቱ ወይም ጎረቤቱ ይገኛሉ። ይህ ወረቀት ከመካሪው እጅ አይወጣም። ለቀበሌ ሪፖርት የሚሄድ ከመሰለው ተማሪው እውነቱን አይናገርም፤ ስም የተመዘገበበት ዝርዝር ለመዋጮና ለስብሰባ ሲውል ያየ ሰው መጠራጠሩ አይገርምም።

ከዚያ ሰነዱ ይታያል፣ ይህም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ማለቅ ያለበት ነው። የድሮ ካርድ፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት (ሕዝቡ እስከ ዛሬ ሚኒስትሪ የሚለው)፣ ትራንስክሪፕት፣ የቀድሞ ትምህርት ቤት መሸኛ። ሦስቱ ተደጋጋሚ እንቅፋቶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ስም ነው፤ በካርዱ ላይ የአባት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት፣ በፋይዳ መታወቂያ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፣ ወይም ካርዱ የአያት ስም የለውም። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ መዝገብ በግጭቱ ጊዜ መጥፋቱ ነው። ሦስተኛው ሥርዓቱ መለወጡ ነው፤ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል፣ በድሮው አደረጃጀት የተሰጠ ማስረጃ ያለው ሰው የት ክፍል እንደሚገባ ራሱ አያውቅም። መካሪው ከተማሪው ጋር ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አብሮ ሄዶ መልሱን በጽሑፍ ያስይዝ። በቃል «ችግር የለም፣ ተመዝገብ» የተባለ ሰው በዓመቱ መጨረሻ የፈተና ፎርም ሲሞላ ነው ችግሩን የሚያገኘው፣ ያኔ አንድ ዓመት ጠፍቷል።

በዚያው ሳምንት ደረጃውን ማየት ይገባል፤ «ፈተና» ሳይባል። ግማሽ ገጽ አማርኛ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ በእንግሊዝኛ አምስት መስመር ስለ ሥራው መጻፍ፣ አራቱን መደብ ስሌትና ሁለት የክፍልፋይ ጥያቄ መሥራት። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ተማሪ ወረቀቱን ክንዱን ዘርግቶ ራቅ አድርጎ ከያዘ፣ ወይም ፊደል እየዘለለ ካነበበ፣ የትምህርት ችግር ከመባሉ በፊት ዓይኑ ይታይ። በዚህ ዕድሜ የቅርብ እይታ መድከሙ የማይቀር ነው። በ40ዎቹ መጀመሪያ +1.00፣ በ50 አካባቢ +2.00 የሆነ የማንበቢያ መነጽር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ትክክለኛውን መጠን የዓይን ባለሙያ ያውቀዋል። ደብዛዛ አምፖል ባለበት የማታ ክፍል ኋላ የተቀመጠና ሰሌዳውም ደብተሩም የማይታየው ሰው «አእምሮዬ ዝጓል» ብሎ ትምህርቱን መተዉ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ በጣም ቅርብ ነበር።

እንግሊዝኛና ሒሳብ

በአንደኛ ደረጃ ያቋረጠ ሰው 9ኛ ክፍል ሲደርስ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ባዮሎጂውን በአማርኛ ቢነግሩት ይገባዋል፤ ከብት አርብቶ፣ ዘር መርጦ፣ እርሾ አብክቶ ያደገ ሰው ነው። የሚያግደው ቃሉ ነው። የሚረዳው ለእያንዳንዱ ትምህርት የቃላት ደብተር ነው፤ በአንድ ገጽ ሦስት ዓምድ፦ ቃሉ፣ የአማርኛ ፍቺው፣ ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ የገባበት ዓረፍተ ነገር። በሳምንት ከ20 እስከ 25 ቃል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። የተጻፈው ቃል በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ተመልሶ ይጠየቃል፤ ዓምዱ በእጅ ተሸፍኖ። አንዴ አጥንቶ ማለፍ ለጎልማሳ አይሠራም፣ ለወጣትም አይሠራም። ከሁሉ በፊት የሚያዙት የጥያቄ ትእዛዞች ናቸው፤ ዲስክራይብ፣ ኮምፔር፣ ካልኩሌት፣ ዲፋይን፣ ኤክስፕሌይን። መልሱን እያወቀ ጥያቄው ምን እንዳዘዘው ባለማወቁ ዜሮ የሚያገኝ ተማሪ ብዙ ነው።

በሒሳብ ነገሩ ይለያል። ገበያ የዋለ ሰው በቃል ያሰላል፤ የሚያውከው ምልክቱ ነው። ስለዚህ ከሚያውቀው ይነሳ። አንድ ሰው ሦስት በግ በእኩል ዋጋ ሸጦ ከኪሱ 1,500 ብር ቢጨምርበት 25,500 ብር ሞላለት፤ አንዱ በግ ስንት ወጣ? ተማሪው ሳይጽፍ «ስምንት ሺህ» ይላል። ያን ጊዜ መካሪው እንዴት እንዳገኘው እንዲናገር ያድርግና አነጋገሩን እየተከተለ 3x + 1,500 = 25,500 ብሎ ይጽፈዋል። መጀመሪያ 1,500ውን መቀነሱ፣ ቀጥሎ ለሦስት ማካፈሉ፣ ክፍል ውስጥ ግራ ያጋባው ያው አካሄድ ነው። ክፍልፋይን በጥማድና በኩንታል፣ መቶኛን በቁጠባ ማኅበር ወለድ እንዲሁ ማስኬድ ይቻላል። መካሪው ማስጠናት የማይችል ከሆነ ግን አያስመስል፤ ለሒሳብ መምህሩ ጥያቄውን ይዞ እንዲሄድ ተማሪውን ያደፋፍረው። ብዙ ጎልማሳ መምህርን መጠየቅ ያፍራል፣ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ መያዝ ያንን ሐፍረት ያቀለዋል።

የሥራ ሰዓትና የመኸር ሥራ

በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች በሦስት ሺፍት የሚሠራን ሰው እንውሰድ። አንድ ሳምንት ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ አንድ ሳምንት ከቀኑ 8 እስከ ማታ 4፣ አንድ ሳምንት ከማታ 4 እስከ ንጋት 12። የማታው ክፍል ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ በመካከለኛው ሺፍት ሳምንት ጨርሶ መምጣት አይችልም። በ36 የትምህርት ሳምንት ውስጥ 12ቱን ይቀራል ማለት ነው፣ ምንም ያህል ትጉ ቢሆን። ይህ ሰው «ሰነፍ» ሊባል አይገባም፤ የጊዜ ሰሌዳ ችግር ነው፣ የሚፈታውም በሰሌዳ ነው። መካሪው የሺፍቱን ዝርዝር በመስከረም ይቀበላል፤ አንድ ክፍል ያሉ ሺፍታቸው የማይገጥም ሁለት ተማሪዎችን ያጣምራል፣ አንዱ ሲቀር የሌላው ደብተር ይደርሰዋል። ለአሠሪው ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ሁሉም አሠሪ ባይቀበል እንኳ የፈተና ሳምንትን ብቻ ለማስቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ማስታወሻን በቴሌግራም መላክ ቀላል ነው። ነገር ግን በክልሉ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ስለዚህ የወረቀት መንገድ መኖር አለበት፤ ፎቶ ኮፒው በአንድ የታወቀ ሱቅ ወይም በትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዘንድ ይቀመጣል፣ ተማሪው ሲያልፍ ይወስደዋል።

በገጠር ደግሞ የሚያስቸግረው መኸር ነው። በምንጃር ጤፉ፣ በሞጃና በጣርማ በር ገብሱና ባቄላው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እጅ ይፈልጋል። በተለይ ኅዳር ከባድ ወር ነው፤ አጨዳው፣ በደጋው ውርጩ፣ የመጀመሪያው የክፍል ፈተና፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። በቀወት ቆላ የመስኖ ሽንኩርት ደግሞ የራሱ ጊዜ አለው። በዚህ ወር መካሪ አዲስ ነገር አይጨምር። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪው በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ክፍሉን እንዳይለቅ ማድረግ። ከትምህርት ቤቱ ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ የዘገየ ፈተና የሚወስድበትን ቀን ማስያዝም ይቻላል፣ መምህራን ቀድሞ ሲነገራቸው አይጨክኑም። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፣ የመንፈቀ ዓመቱም ውጤት የሚወጣበት። በበልጉ አካባቢ ከየካቲት በኋላ እንደገና እርሻው ይጠራል። መካሪው እነዚህን ወራት በቀን መቁጠሪያ ላይ ከተማሪው ጋር ምልክት ካደረገባቸው መቅረቱ ድንገተኛ አይሆንም፤ የታሰበበት መቅረት ደግሞ የሚመለሱበት ቀን አለው።

አንድ ደንብ ግን አይጣስ፦ ተማሪው በተከታታይ ሁለት ቀን ከቀረ በሦስተኛው ቀን ይደወልለታል። ሦስት ሳምንት ከተጠበቀ ነገሩ አብቅቷል፤ ያለፈው ትምህርት በዝቷል፣ ሐፍረቱም እንደዚያው። የሚባለውም ቃል ይመረጥ። «ለምን ቀረህ?» የተባለ ሰው ምክንያት ይደረድራል ወይም ይዋሻል። «የቀረብዎትን ማስታወሻ ይዤልዎታለሁ፣ ሐሙስ ላምጣው ወይስ ቅዳሜ?» የተባለ ግን ቀን ይመርጣል።

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲመጣ መካሪው በዚያው ሳምንት ይገናኘው። ከ100 31 ያመጣች ሴት ቁጥሩን ብቻ ታያለች። ወረቀቱን ዘርግቶ የጎደሉትን ነጥቦች በሦስት መክፈል ነው፤ ሳታውቀው የሳተችው፣ እያወቀች ጥያቄው ስላልገባት የሳተችው፣ ጊዜ አልቆባት ያልነካችው። ከተሳቱት ጥያቄዎች ከፊሉ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይገኛሉ፣ እነሱ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ይስተካከላሉ።

ሴት ተማሪዎች

ለሴት ተማሪ መካሪዋ ሴት ትሁን። ይህን ለድርድር ባናቀርበው እንወዳለን። ማታ ብቻዋን ከወንድ ጋር መቀመጧ በሰፈሩ ወሬ ያስነሳል፣ ወሬው ደግሞ ትምህርቷን ለማስቆም ሰበብ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ ወንድ መካሪ ያለውን ሥልጣን ለጾታዊ ትንኮሳ ሊጠቀምበት የሚችልበት በር መዘጋት አለበት። ሴት መካሪ ከታጣ ግንኙነቱ በቡድን፣ በቀን፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ከክፍል ሲወጡ አንድ ሰፈር የሚሄዱትን ማሰባሰብ፣ ባጃጅ በጋራ መያዝ የመካሪዋ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

«ልጆች ከተኙ በኋላ አጥኚ» የሚለው ምክር አይሠራም። ቀኑን የሠራች፣ ማታ ክፍል የዋለች ሴት ከ3 ሰዓት በኋላ መጽሐፍ ይዛ እንቅልፍ ይጥላታል። ይልቅ ንጋት 11 ሰዓት ላይ 25 ደቂቃ፣ የቃላት ደብተሩን ደግሞ ሰልፍ ስትጠብቅ ወይም ታክሲ ላይ። ባሏንም ማነጋገር ይገባል፤ መካሪዋ ከራሷ ባል ጋር ሆና ቤት ሄዳ ቡና ጠጥታ፣ ትምህርቱ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በቁጥር ብትናገር ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው ይቀንሳል። መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ነው ባልን የሚያስፈራው።

የሚበላሸው የት ነው?

ከሁሉ ቀድሞ ገንዘብ ነው። መካሪና ተማሪ አይበዳደሩም። መቶ ብር ያበደረ መካሪ ሲደውል ተማሪው ዕዳውን ሊጠየቅ መስሎት ስልኩን አያነሳም። ሁለተኛው፣ የቤት ሥራ ሠርቶ መስጠት ነው፤ ከደግነት የሚመጣ ነው፣ ውጤቱ ግን ፈተና ላይ ይገለጣል። ሦስተኛው ምስጢር ነው። አንድ ዕድር ውስጥ ያሉ መካሪና ተማሪ የተማሪውን ውጤት ድንኳን ሥር ካነሱት መተማመኑ በዚያው ቀን ያበቃል። እንዲሁም ያልተስማሙ ጥንዶችን ማቆየት ስህተት ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ሁለቱም በአስተባባሪው ለየብቻ ተጠይቀው መለያየት የፈለገ ያለ ምክንያት እንዲለወጥለት ይደረግ።

ይህ ሁሉ አስተባባሪ ይፈልጋል። 32 ጎልማሳ ተማሪ ላለው ክፍል 8 መካሪ ይበቃል፤ እነሱን በወር አንድ ጊዜ የሚሰበስብና የቀሪ መዝገቡን በየሳምንቱ የሚያሳያቸው አንድ መምህር በሳምንት ግማሽ ቀን ከማስተማር ነጻ መሆን አለበት። ይህ ግማሽ ቀን ካልተፈቀደ ሥራው በአንድ ደግ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቅና ያ ሰው ሲዛወር አብሮ ይፈርሳል። ለመካሪዎቹ ደመወዝ ባይኖር የስልክ ካርድና የመጓጓዣ ወጪ ከኪሳቸው ሊወጣ አይገባም። ዓመቱ ሲያልቅ ምን እንደሠሩ በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ ቢሰጣቸው ለወጣት መካሪ ሥራ ሲፈልግ ይረዳዋል።

12ኛ ክፍል የደረሰን ጎልማሳ የሚጠብቀውን አስቀድሞ መንገርም ከመካሪ ይጠበቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ መፈተን ጀምረዋል። የሚያጠቡ እናቶችና ከአሠሪ ፈቃድ የሚሹ ሠራተኞች ለእነዚያ ቀናት ከወራት በፊት መዘጋጀት አለባቸው፤ ልጁ ማን ዘንድ እንደሚቆይ፣ የፈቃድ ደብዳቤው መቼ እንደሚገባ። ውጤቱም በግልጽ ይነገር። በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ቀን ሙሉ ሲማሩ የከረሙ ወጣቶች ያጋጠማቸው ይህ ከሆነ፣ የማታ ተማሪን «ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ» በሚል ተስፋ ብቻ አራት ዓመት ማስኬድ ፍትሐዊ አይደለም።

ሌላው መንገድ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጎን መታየት አለበት። ለዓመታት ግንበኛ፣ በያጅ፣ ልብስ ሰፊ ሆኖ የሠራ ሰው ሥልጠናውን ከዜሮ ሳይጀምር ለብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ ለሚባለው፣ መቅረብ ይችላል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በተግባሩ የሚወድቅ ልምድ ያለው ሰው ብዙ አይደለም፤ በጽሑፉ ነው የሚሰናከለው፣ የመሣሪያውን ስም በእንግሊዝኛ ባለማወቁና የደኅንነት ደንቡን በጥያቄ መልክ አይቶት ባለማወቁ። ለዚህ አስቀድሞ የሙያ ደረጃውን ዝርዝር ከፖሊቴክኒክ ኮሌጁ መውሰድ፣ ሠራተኛው በየቀኑ የሚሠራውን ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከርና የጎደለውን ብቻ ነጥሎ ማጥናት ይበቃል። የበያጁ የቃላት ደብተርም እንደ 9ኛ ክፍሉ ባለ ሦስት ዓምድ ነው፤ በሦስተኛው ዓምድ ዓረፍተ ነገር ፈንታ የመሣሪያው ሥዕል ይገባበታል።